አባባ ጎሊን ደሴት ላይ የወረዱ ዕለት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለዴንዚል፣

በመካከላችን ያለው ውሃ ሁሉ የማያቀዘቅዘው ሰላምታዬ ካለህበት ድረስ ይምጣልህ። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህስ? ብርዱ ሲገባ የሚይዝህ ያ ሳል ዘንድሮ ተወህ ወይስ እንደ ልማዱ አብሮህ ከረመ? የሃሊፋክስ በረዶ ቀለጠ? በደንብ ትበላለህ ወይ? ባለፈው በላክኸው ፎቶግራፍ አንገትህ ቀጥኖ አይታ እማማ ሁለት ቀን ሙሉ «እዚያ አገር ዓሣ የለም እንዴ?» ስትል ሰነበተች። እኛ ምስጋና ለፈጣሪ በሕይወት አለን፤ ጣራችንም አያፈስም። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። ከኩሽናው በር ጀርባ በተውከው የጎማ ጫማ ውስጥ እንሽላሊት ፈልፍላበታለች፤ ላነሳው ስል እማማ እጄን መታችኝ። የናፈቀ ቤት እንዲህ ነው።

ይህን የምነግርህን ነገር በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። አንዴ መስመሩ ተቆረጠ፤ አንዴ ደግሞ የኔው ድምፅ ተቆረጠና «ደህና ነን፣ ደህና ነን» ብዬ ዘጋሁት። ስለዚህ ሐሙስ የፖስታው መርከብ ከመምጣቱ በፊት ቁጭ ብዬ ልጽፍልህ ወሰንኩ። ከደብዳቤው ጋር አንድ የታጠፈ ስስ ወረቀት አለ፤ ታሪኩ ላይ እስክትደርስ አትክፈተው። እንደማያስችልህ ባውቅም።

ያንን ነገር በጽሑፍ አንስቼብህ አላውቅም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤያችን ዳር ዳሩን ሲሄድ ነው የኖረው። ዛሬ ግን በስሙ ካልጠራሁት የተቀረው አይገባም። የባሕር ኤሊ ማደን በሕግ በተከለከለ በዓመቱ አባባ ባሕሩ ዳር በውሃ ውስጥ በሚበቅለው የማንግሮቭ ጫካ በእንጨት አጥረው አምስት ኤሊ ደብቀው ያኖሩ ነበር። አንተ አሥራ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር፤ ጎሊን ደሴት ላይ ባለው የተፈጥሮ ማዕከል ኤሊ ስትለካና ስትመዝን ትውላለህ። የዓሣ ሀብት ሹሞች ጠየቁህ፣ ነገርካቸው። ሹሞቹ መጥተው አጥሩን ነቀሉ፣ ኤሊዎቹን ለቀቁ፣ ጀልባውን ወሰዱ፤ አባባም ናሶ ከተማ ሦስት ሳምንት ታሰሩ። ሲመለሱ ሻንጣህን አውጥተው ወደቡ ላይ አስቀመጡት። እኔ ጃኔን ታቅፌ እዚያው ቆሜ ነበር፤ ገና ሁለት ወሯ ነው። አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ልጄን እሹሩሩ እያልኩ አንተ ስትሄድ አየሁህ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ እንደሚቆጨኝ እወቅልኝ።

ከዚያ ወዲህ አባባ ስምህን አንስተው አያውቁም። ጎሊን ደሴትንም በአሥር ደቂቃ የጀልባ መንገድ ላይ ተቀምጣ እያዩአት አልረገጧትም።

እንግዲህ ስማኝ። የፋሲካ ማግስት ሰኞ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች እንደየዓመቱ ወደ ጎሊን ለሽርሽር ሊሻገሩ ተሰናድተው ሳለ፣ የሚያሻግራቸው ካፒቴን ዊልተን ወገቡን ይዞት ከአልጋ አልነሳም አለ። አሥራ ስድስት ሴት ከነልጁ፣ ከነድስቱ፣ ከነጃንጥላው ወደቡ ላይ ተኮልኩሎ ቀረ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ሚስ ኡርሱላ ማንንም ሳታማክር ቀጥ ብላ እኛ ቤት መጣች። አባባ በረንዳው ላይ መረብ ይጠግናሉ።

«ኦርመንድ፣ ያ ጀልባህ ለጌጥ ነው የተቀመጠው ወይስ ይሄዳል?» አለቻቸው።

«ይሄዳል። ወደዚያ ግን አይሄድም።»

«እሺ። ጌታ ሲጠይቀኝ ‹በእግራችሁ ተሻገሩ ያለን ኦርመንድ ነው› እለዋለሁ።»

እማማ ከውስጥ ሆና «ተይው ኡርሱላ፣ ሞተሩም እንደሱ አርጅቷል፤ መሃል ባሕር ላይ ይቆምባችኋል» አለች። ሆን ብላ ነው። አባባ እሳቸውን ቢሰድቧቸው ይችላሉ፤ ሞተራቸውን ግን አያስነኩም። መረቡን ወርውረው ተነሱ። «አደርሳችኋለሁ፣ ማታ እመልሳችኋለሁ። እግሬ ግን ያንን አሸዋ አይረግጥም። ሁላችሁም ሰምታችኋል» አሉ። ሰምተናል አልን።

ባሕሩ እንደ ዘይት ተኝቶ ነበር። ጎሊን እንደተውካት ናት። የሸውሸዌ ዛፎቹ ያው ነፋስ በሌለበት ያንሾካሹካሉ፤ አሸዋው ያው ዱቄት ነው፤ ሽመላዎቹም የሰው ብዛት አላስደነገጣቸውም። እዚያ ዳርቻ ላይ ቆመህ የቤታችንን ጣራ እየፈለግህ፣ ልብስ ማስጫው ላይ ልብስ ካየህ «እማማ ደህና ናት» ትለኝ ነበር፤ ትዝ ይልሃል? እኔም በዚያ ልማድ ቀና ብዬ አየሁ። ገመዱ ባዶ ነበር። ደንገጥ አልኩና እማማ ከኋላዬ ድስት ተሸክማ መቆሟን አስታወስኩ። በዚያች ቅጽበት እንዴት እንደናፈቅከኝ ልነግርህ አልችልም። እኛ አንድ ገመድ እያየን ደህንነታችንን እናውቅ ነበር፤ አሁን አንተ የምታየው ምንድን ነው?

አባባ ከዳርቻው ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቀው መልሕቅ ጣሉና ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ጋደም አሉ። ምሳ ሲደርስ ሩዝ በርግብ አተር፣ የተጠበሰ ቀይ ዓሣና ጆኒ ኬክ ዳቦ ይዤ እስከ ወገቤ ውሃ ውስጥ ገብቼ አደረስኩላቸው። አንድ ትልቅ ጠርሙስ የሎሚ ጭማቂም ሰጠኋቸው። ጨርሰው ሌላ አስመጡ፤ እሱንም ጨረሱ። እማማ ከዳርቻው «ኦርመንድ፣ ፀሐዩ ትንሽ ከቆየ ከራስ ቅልህ ሾርባ እንጠጣለን» ስትል ሴቶቹ ይስቃሉ። 

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን አባባ መቁነጥነጥ ጀመሩ። ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ እንደገና ይነሳሉ። የሎሚው ጭማቂ ሥራውን ሠርቷል። ጀልባው ዙሪያ ልጆች ይዋኛሉ፤ ከየቁጥቋጦው ጥላ ሥር ሁለት ሁለት ሴት ተቀምጣለች። ሰውዬው መግቢያ አጡ። መጨረሻ ላይ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ወደ ውሃው ወረዱና እየተንቦጫረቁ መጡ።  የመጀመሪያውን እግራቸውን አሸዋው ላይ ሲያሳርፉ እማማ ቀስ ብላ «አቃጠለህ እንዴ?» አለቻቸው።

«ዝም በይ አዮላ፣ አጣዳፊ ነው» ብለው በአጠገባችን አለፉ። ሚስ ኡርሱላ ሳቋን ለመደበቅ መዝሙር ጀመረች።

በዚያ ደሴት መጸዳጃ ያለው በማዕከሉ ውስጥ ብቻ ነው። ቤቱን ስለማያውቁት ላሳያቸው ተከተልኳቸው። ሲወጡ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ በሩ አመሩ፤ ሦስት እርምጃ ቢሄዱ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩልህም ነበር። ከበስተኋላ፣ ከሲሚንቶው ገንዳ፣ ኤሊ ራሷን አውጥታ አየር ስትስብ የምታሰማው ያ «እፍ» የሚል ድምፅ ተሰማ። አባባ ቆሙ። ያንን ድምፅ በቅርብ ከሰሙት አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ፊታቸውን ባየህ፣ ከሩቅ ዘመዱ የጠራው ሰው ነበር የሚመስሉት።

ማዕከሉን አሁን የምትመራው ታኔል የምትባል ከናሶ የመጣች ወጣት ናት። ገንዳው ዳር ተንበርክካ ለኤሊዋ ሣር ትዘረጋለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። የጀልባ ሞተር የኋላ እግሯን የቆረጣት አረንጓዴ ኤሊ ናት፤ ቁስሏ ቢድንም ዘጠኝ ቀን ሙሉ ምግብ አልቀምስም ብላለች። ታኔል አባባን ተራ ጎብኚ መስለዋት ይህንኑ ነገረቻቸው።

«ሣሩን ከየት ነው የምታጭዱላት?» አሉ።

«ከወደቡ ሥር ነው አባት፣ ረጅም ረጅሙን እየመረጥን።»

«አንቺ የሳምንት ዳቦ ቢሰጡሽ ትበያለሽ?»

ታኔል እጇ ውስጥ ያለውን ሣር አየችው።

«ኤሊ የጋጠችበት ቦታ ተመልሳ የምትመጣው ለቡቃያው ነው» አሉ። «ረጅሙን ነክሳ ትጥለዋለች። የምትበላው ከሥር የሚወጣውን አዲሱን ነው። ቢላና ባልዲ አምጪልኝ።»

ውሃው ጎድሎ ነበር። ከአለቶቹ ባሻገር የባሕር ሣሩ ተግጦ እንደ ተላጨ ራስ የሚታይበትን ቦታ እንደሆነ ሳይፈልጉ ነው ያገኙት። ጎንበስ ብለው ጣት የሚያህል ለጋ ለጋውን እየቆረጡ እኔ በያዝኩት ባልዲ ይጥላሉ። በሰባ አራት ዓመታቸው ወገባቸውን እንደዚያ ሲያጥፉት አይቼ አላውቅም። ተመልሰን ስንገባ ሣሩን እንዲሁ አልበተኑትም፤ በክር ጠቅልለው ድንጋይ ላይ አሰሩትና ገንዳው ግርጌ ላይ በቅሎ የቆመ አስመሰሉት። ኤሊዋ አንዴ ዞረችው። ሁለተኛ ዞረችው። ከዚያ አንገቷን ዘርግታ ጋጠችው።

ታኔል አፏን በእጇ ያዘች። «እንዴት አወቁ?» አለቻቸው።

«አርባ ዓመት ሆዳቸውን ስከፍት ኖሬ እንዴት አላውቅም?» አሉ አባባ። ያፈሩበት አይመስሉም፤ የኮሩበትም አይመስሉም።

እማማ ጉድ ተፈጥሮ እንዳያመልጣት ቀሚሷ እንደረጠበ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። «ኦርመንድ፣ በዓይንህ አትመዝናት» አለቻቸው።

«መቶ ሃያ ፓውንድ» አሉ ሳያስቡት። ታኔል እንኳ ሳቀች።

ካርታህን ያዩት ከዚህ በኋላ ነው። ዘንድሮ ጣራው ሲጠገን ታኔል ከአሮጌ ሣጥን አግኝታው ባለፈው ወር ከገንዳው በላይ ሰቅላዋለች፤ እኔም አይቼው አላውቅም ነበር። በር የሚያህለው፣ ኤሊዎቹ የሚግጡባቸውን ቦታዎች በእጅህ የሣልክበት። አባባ ፊደል ያስቸግራቸው እንጂ የአሸዋውን ጀርባና የውሃውን መንገድ እንደ መዳፋቸው ያውቁታል፤ ምን እንደሆነ ለመረዳት ንባብ አላስፈለጋቸውም። ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አሳረፉ።

«ኢስሚ፣ ምን ይላል?»

«የዳቦ ጉድጓድ።»

ጣታቸው ተንቀሳቀሰ። «ይሄስ?»

«የመበለቷ ሽርጥ።»

«ይሄኛውስ?»

ወደ እማማ ዞር አልኩ። «አንብቢ» አሉኝ።

«የአዮላ ኩርፊያ።»

«የማን?» አለች እማማ።

«ያለ ምክንያት ማዕበል የሚነሳበት ቦታ ነው» አሉ አባባ ሳይዞሩ።

«አርባ ስድስት ዓመት አብሬህ ኖሬ በስሜ የሰየምክልኝ ይሄን ነው?»

«ነፋስ ከሌለ ውብ ቦታ ነው።»

እማማ ልትስቅ ነበር፤ ፊታቸውን ስታይ ተወችው። ጠቁረዋል። እነዚያ ስሞች ከአባባ ጀልባ ወጥተው አያውቁም። ለሌላ አዳኝ አልነገሯቸውም፤ ለእኛ ለቤቱ ሰዎች እንኳ አልነገሩንም። የነገሩት መሪ ሲያስይዙህ ለአንተ ብቻ ነው። «መጀመሪያ ኤሊዎቼን ሰጣቸው» አሉ ቀስ ብለው። «ቀጥሎ ደግሞ ባሕሬን ሰጣቸው።» ባርኔጣቸውን ደፉና ሊወጡ ዞሩ።

ያኔ ነው ከካርታው ግርጌ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ያየኋት። የአንተ ያቺ ጎባጣ የእጅ ጽሕፈት ናት ዓይኔን የያዘችው። ከኋላቸው ጮክ ብዬ አነበብኳት፦ «እነዚህን ቦታዎች ሁሉ ያሳዩኝ አባቴ ኦርመንድ ናቸው። ስም ያወጡላቸውም እሳቸው ናቸው።» ቀኑንም አነበብኩት። ሻንጣህ ወደቡ ላይ ከወጣ በኋላ ያለው ሳምንት ነው። ለካ ናሶ እስክትሄድ ጎሊን ላይ ያደርክባቸውን እነዚያን ቀኖች ይህን ስትሥል ነበር የከረምከው። እኛ ግን የት እንዳደርክ እንኳ አልጠየቅንም።

«ድገሚው» አሉኝ በሩን እያዩ። ደገምኩት። «አንዴ ደግሞ።» በሦስተኛው ድምፄ እምቢ ስላለኝ እማማ ጨረሰችልኝ።

ታኔል ግራ ገብቷት «ዴንዚልን ያውቁታል እንዴ?» አለቻቸው።  ገንዳው ውስጥ ያለችው ኤሊ እፍ ትላለች። አባባ ተመልሰው ካርታው ፊት ቆሙ።

«የዳቦ ጉድጓድ ቦታው ልክ አይደለም» አሉ። «ከአለቱ በምሥራቅ አድርጎታል፤ በምዕራብ ነው። በዚያ በኩል ስናልፍ ሁልጊዜ ያስመልሰዋል። ራሱ ባልዲ ውስጥ ሆኖ መቼ አይቶት።» እጃቸውን ዘረጉ። «እርሳስ ስጪኝ።» ታኔል ስታቀብላቸው ማንንም ሳያዩ «ልጄ ነው» አሉ።

እሳቸው ክብ ሠሩ፤ እኔ አጠገቡ ስሙን ጻፍኩ። አሁን ወረቀቱን ክፈተው። ታኔል ማታውኑ ለአንተ ስትል ገልብጣ የሰጠችኝ ናት። ከአለቱ በምዕራብ ያለችው፣ እንደ ድንች የተጣመመችው ክብ የአባባ ናት። 

ስንመለስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። አባባ ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ አልሄዱም፤ አሥራ ስድስቱን ሴት ይዘው አለቱን በምዕራብ በኩል ዞሩና ሞተሩን አጠፉ።  ጥቂት ቆይቶ አንድ የኤሊ ራስ ብቅ አለ፤ ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያ ሦስት አንድ ላይ። ዙሪያችንን እየተነፈሱ ይጠልቃሉ።  እኔ አባባ አጠገብ መሪው ዘንድ ነበርኩ፤ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «እስር ቤቱን ረስቼዋለሁ» አሉኝ። «ጀልባዋም ጀልባ ናት፣ ሌላ ሠራሁ። ለነሱ ከመንገሩ በፊት ለኔ ቢነግረኝ ምን ነበር? ‹አባባ፣ አጥሩን ክፈቱት› ቢለኝ።»

«ይከፍቱት ነበር?» አልኳቸው።

 «አልከፍተውም ነበር» አሉ። «ግን እምቢ የምልበትን ዕድል እንኳ ነፈገኝ።»

ይህን ሳልቀንስ ሳልጨምር የጻፍኩልህ የአንተም ጉዳይ ስለሆነ ነው። ማን ልክ እንደነበር አላውቅም፤ ልዳኝም አልተቀመጥኩም። እኔ የማውቀው ያን ዕለት ወደቡ ላይ መናገር የነበረብኝ ሰው እኔ እንደነበርኩ ነው። አሁን እየተናገርኩ ነው፣ ወንድሜ። ናፍቀኸናል። የምንስቅበት ነገር ሲመጣ በአንተ በኩል ያለው ሳቅ ይጎድልብናል።

ከሰኞ ወዲህ አባባ ትናንትም ዛሬም ጠዋት ጠዋት ወደ ጎሊን ተሻግረዋል። ለኤሊዋ ሣር ሊያጭዱላት ነው። «ያቺ የከተማ ልጅ ለጋውን ከበሰለው አትለይም» ይላሉ። እማማም «የኩርፊያዬን ባሕር ሰላም በልልኝ» እያለች ትሸኛቸዋለች።

እንግዲህ ሰላምታውን ልጨርስ። እማማ ግንባርህን ትስምሃለች፤ ያንን ሳል በሞቀ የዝንጅብል ውሃ ያዘው፣ የሱቅ መድኃኒት አትመን ብላሃለች። ክሊቭ ባለቤቴ ደህና ነው፤ የጎረቤታችንን ቤት ጣራ እየሠራ ስለሆነ በሚስማር የተወጋ አውራ ጣቱን አንስቶ ሰላም ይልሃል። ጃኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቷት ከእኔ እኩል ሆናለች፤ አጎቴ የበረዶ ሰው ሠርቶ ፎቶ ይላክልኝ፣ በመጽሐፍ ያለው አላሳመነኝም ትላለች። ሚስ ኡርሱላ በጸሎቷ አልረሳችህም። ካፒቴን ዊልተን ዛሬ ተነስቶ ቆሟል፤ ሰላም ብሎሃል።

አባባ ይህን ስጽፍ ከጎኔ ተቀምጠው መንጠቆ ይስላሉ። ለማን እንደምጽፍ አልጠየቁኝም። ወረቀቱ ሲበዛ አይተው «ረጅም ነው» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ «ቦታ ተርፏል?» አሉኝ። ተርፏል አልኳቸው። ቃል በቃል እነሆ፦ «የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ሸርጣኑ ከጫካው ይወጣል። ዘንድሮ ብዙ ነው። ሁለት ጆንያ ለአንድ ሽማግሌ ይከብዳል በይው።» ሌላስ አልኳቸው። መንጠቋቸውን ወደ ብርሃኑ አንስተው አዩትና «የሚመጣበትን ቀን ቁርጥ አድርጎ ይጻፍ» አሉ። «ሰው ሲጠብቅ ያረጃል።»

እህትህ ኢስሚ

ሳፖዲላ ክሪክ፣ አንድሮስ ደሴት፣ ባሃማስ
ረቡዕ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 2022